ማረጥ ሲመጣ ከየት እንጀምር? ከአንድ ደብተር

መጀመሪያ የያዘኝ እድር ላይ ነው። ሐምሌ ነበር። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቧል። እኔ ግን ከደረቴ ተነስቶ በአንገቴ በኩል ፊቴ ላይ የሚወጣ እሳት ለቀቀብኝ። ነጠላዬን ጣልኩ፣ ሹራቤን አወለቅኩ፣ ላቤ ግን ጠብ ጠብ ይላል። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ምች ነው የመታሽ፤ ዳማከሴ ጨምቀሽ ጠጪበት» አሉኝ። ጠጣሁ። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። በሳምንቱ «ግፊት ይሆናል» ተባልኩና ተለካሁ፤ ደህና ነው። 47 ዓመቴ ነበር። የወር አበባዬ አንዴ እየዘለለ፣ አንዴ እየተደራረበ መምጣት ከጀመረ ግማሽ ዓመት ሆኖታል። ያም ሆኖ ማረጥ የሚለው ቃል ማናችንም አፍ ላይ አልመጣም።

ቃሉ ራሱ ይከብዳል መሰለኝ። «አረጠች» ሲባል ነገሯ ሁሉ ያበቃ ይመስላል። እናቴ በዚህ እድሜዋ ምን እንዳሳለፈች ጠይቄያት አላውቅም። ሌሊት ተነስታ በረንዳ ላይ ብቻዋን ትቀመጥ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ።

ከዚህ በታች ያለው እኔ ማድረግ የነበረብኝ ቅደም ተከተል ነው። ያደረግኩት የተገላቢጦሹን ነው፤ መጀመሪያ ሻይ ገዛሁ፣ ቀጥሎ ኪኒን፣ ማሰብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

1. የት ላይ እንዳላችሁ እወቁ

የወር አበባ 12 ወር በተከታታይ ሳይመጣ ሲቀር ያን ጊዜ ማረጥ ይባላል። አብዛኞቻችን ከ45 እስከ 55 ባለው እድሜ ውስጥ እዚያ እንደርሳለን። ችግሩ የሚበዛው ግን ከዚያ በፊት ባሉት የመሸጋገሪያ ዓመታት ነው። ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ቀስ ብሎ አይወርድም። አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይወድቃል። በዚህ መሀል አንጎል ውስጥ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ትዕግሥቱን ያጣል። ድሮ የማይቆጥረውን ጥቂት ሙቀት «ተቃጠልን!» ብሎ ይጮህበታል፤ የቆዳ ደም ስሮች ይከፈታሉ፣ ላብ ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፍና ብርድ ብርድ ይላል። እኔ ወላፈን እለዋለሁ፤ ምድጃ ሲከፈት ፊት ላይ የሚመታው ነገር ነውና።

ወላፈኑ በአንድ ወር አይለቅም። ብዙ ሴቶች ላይ ከ7 ዓመት በላይ ይቆያል። ይህን የምናገረው ለማስፈራራት አይደለም። «እስኪያልፍ ልቻለው» የሚለው እቅድ እንደማያዋጣ እንድታውቁ ነው።

ሁለት ነገር ሳልጠቅስ አልልፍም። የወር አበባ ከ40 ዓመት በፊት ከቆመ «ቶሎ ገላገለኝ» አይባልም። አጥንትም ልብም ስለሚጎዳ ሐኪም ማየት የግድ ነው። ሁለተኛ፣ ደም ስለዘለለ ብቻ መውለድ ቆሟል ማለት አይደለም። ከ50 በታች ከሆናችሁ ከመጨረሻው የወር አበባ በኋላ 2 ዓመት፣ ከ50 በላይ ከሆናችሁ ደግሞ 1 ዓመት መከላከያ አትተዉ። ዲፖ የሚወጉ ወይም ክንዳቸው ላይ የተቀበረላቸው ሴቶች ደማቸው የቆመው በመከላከያው ይሁን በማረጥ ከደሙ ብቻ መለየት አይችሉም። የጤና ባለሙያ ይጠይቁ።

2. ደብተር ግዙ፣ ለ1 ወር ምንም አትቀይሩ

ከሁሉም የጠቀመኝ ይህ ነው። ተራ የተማሪ ደብተር። ባለቤቴ የእቁብ ሂሳብ መስሎት ነበር፣ ዝም አልኩት።

በየቀኑ የምትጽፉት ጥቂት ነው፦ ወላፈኑ ስንት ሰዓት ላይ መጣ፣ ከዚያ በፊት ምን በላችሁ ወይም ጠጣችሁ፣ የት ነበራችሁ፣ ተናዳችሁ ነበር ወይ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ነቃችሁ፣ ደም መጣ ወይ፣ ምን ያህል። ሌላ የሚሰማችሁንም ጨምሩ። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የልብ ምት መፍጠን፣ መርሳት፣ ቶሎ ማልቀስ። እኔ ቁልፍ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጥኩበት ቀን ሁሉ ተጽፏል።

ከወሩ በኋላ ሳገላብጠው ሁለት ነገር አፈጠጠብኝ። አንደኛው የምጣድ ቀን ነው። ሁልጊዜ ዓርብ ከሰዓት እንጀራ እጋግራለሁ፤ ዓርብ ሁሌም የከፋው ቀን ነው። ሁለተኛው ከምሽቱ ቡና በኋላ ያለው ሌሊት ነው። በርበሬ ግን፣ ሰው ሁሉ «ተዪው» ሲለኝ የነበረው፣ እኔ ላይ ምንም አያደርግም። ጓደኛዬ ደግሞ ሚጥሚጣ ከቀመሰች ቁና ቁና ትተነፍሳለች። በዚህ ጉዳይ ለሁሉም የሚሆን ዝርዝር የለም። ይህን ተው፣ ያን ተው የሚለው ምክር በጥናትም ጠንካራ ማስረጃ የለውም። የእናንተን የሚነግራችሁ የእናንተ ደብተር ነው።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ 2 ሳምንት ጠብቁ፣ ደብተሩን እዩ። ቡናውን፣ ፍራሹን፣ ኪኒኑን በአንድ ቀን ከቀየራችሁ የትኛው እንደጠቀመ በፍጹም አታውቁም።

3. ሁሉን በእድሜ አታሳቡ

እንዲህ የምለው ጥፋቱ ስላየለብን ነው። ሌሊት ላብ ያጠመቃት ሴት ሁሉ እያረጠች አይደለም። አገራችን ውስጥ ሳንባ ነቀርሳ አለ፤ ወባም አለ። ሳል 2 ሳምንት ካለፈው፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ማታ ማታ ትኩሳት ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱና የአክታ ምርመራ ጠይቁ። እንቅርትም እንዲሁ ነው። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሥራው ሲያይል ሙቀት፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠንና ክሳት ያመጣል፤ በደም ምርመራ ይለያል። ድካሙ ካየለና ደሙ ከበዛ ደም ማነስ ሊሆን ይችላል።

በሌላ በኩል «ሆርሞኔን በሙሉ ልለካ» ብላችሁ ብር አታባክኑ። ከ45 በላይ የሆነች፣ ወላፈንና የተዘበራረቀ የወር አበባ ያላት ሴት ማረጧን ለማወቅ አብዛኛውን ጊዜ የሆርሞን ምርመራ አያስፈልጋትም። ሆርሞኑ በየቀኑ ስለሚዋዥቅ ዛሬ የተለካው ለነገ አይሠራም።

4. ከሌሊቱ ጀምሩ

ያልተኛ ሰው ምንም አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ እንቅልፍ።

የአዲስ አበባ ሌሊት ይበርዳል፤ ከተማችን 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ስለዚህ መስኮት ከፍቶ መተኛት ቀላል ምክር አይደለም። አጠገባችሁ የተኛው ሰው ይበርደዋል። እኔ ያደረግኩት ወፍራሙን ብርድ ልብስ ለሁለት መካፈሉን ትቼ የየራሳችንን መልበስ ነው። ለእኔ ስስ ነጠላ፣ በላዩ ጋቢ። ሲያቃጥለኝ ጋቢውን በእግሬ እገፋለሁ፣ ሲበርደኝ እስባለሁ፤ እሱ አይነቃም። የሌሊት ልብስ ጥጥ ይሁን። ያ የሚያብረቀርቅ የፖሊስተር ቢጃማ ላቡን ቆዳ ላይ ይዞት ይቀራል። ትራስ አጠገብ ቀዝቃዛ ውኃና ደረቅ ቲሸርት አስቀምጡ፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቁም ሳጥን ስትፈትሹ እንቅልፉ ጥሏችሁ ይሄዳል።

20 ደቂቃ ያህል ተገላብጣችሁ ካልመጣ ተነሱ። ስልክ አትንኩ። ደብዘዝ ያለ መብራት ስር ቁጭ በሉ፣ ጸልዩ፣ ልብስ እጠፉ፣ ሲመጣ ተመለሱ። ጠዋት የመነሻ ሰዓታችሁን ግን አትቀይሩ፤ ቅዳሜም ቢሆን። ይህ ብልሃት እንቅልፍ ማጣትን ለማከም ከሚሠራበት የንግግር ሕክምና የተወሰደ ነው። ባለሙያ ካገኛችሁ ሙሉውን ውሰዱ። እንዲህ ያለው ሕክምና ወላፈን የሚያመጣውን ጭንቀትም ይቀንሳል።

ቡናን በተመለከተ፣ ተዉ አልላችሁም፤ እኔም አልተውኩም። አቦሉን በጠዋት ጠጡ። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ግን አቁሙ፤ ካፌይን ከ5 እና 6 ሰዓት በኋላ እንኳ ግማሹ ደም ውስጥ ነው። ጎረቤት ማታ ከጠራቻችሁ ሂዱ። ጨዋታው ነው ዋናው። ስኒውን ግን ለሌላ ሰው አሳልፉ። ጠጅና ቢራ እንቅልፍ የሚያመጣ ይመስላል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ግን መልሶ ይቀሰቅሳል።

5. ሳህኑ፣ በተለይ በጾም

ኢስትሮጅን ሲወርድ በጸጥታ የሚሄደው አጥንት ነው። አያምም፣ አይታይም፤ አንድ ቀን ሽንት ቤት ስትንሸራተቱ የእጃችሁ አንጓ ይሰበራል። ከ50 በላይ የሆነች ሴት በቀን 1,200 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልጋታል ይባላል። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት 300 ገደማ አለው። እርጎና አይብም እዚያው ናቸው።

የተዋሕዶ ጾመኛ ግን ረቡዕና ዓርብ ሲደመር፣ ዐቢይ ጾምና ፍልሰታ ሲታከል፣ የዓመቱን ግማሽ ያህል ወተት አትቀምስም። መፍትሔው ጾሙን መተው አይደለም። የጾሙን ገበታ ማስተካከል ነው። ጤፍ ጥሩ ወዳጅ ነው፤ 100 ግራም ጤፍ ውስጥ 180 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም አለ። ሊጡ መቦካቱ ደግሞ ሰውነት ማዕድኑን እንዲወስደው ያግዛል፤ እናቶቻችን ይህን ሳያነቡ ነው የሠሩት። ጎመን በየቀኑ ቢቀርብ አይበዛም። ያልተፈተገ ሰሊጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ 90 ሚሊ ግራም ያህል አለው። ሰውነት የሚወስደው ከወተቱ ያነሰ ቢሆንም የሰሊጥ ፍትፍት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ማውጣት ይቻላል። ሽሮና ምስር ደግሞ ለጡንቻ። ጾም ላይ ስህተታችን ፓስታ በድንች፣ ዳቦ በሻይ ማለታችን ነው። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች እተወዋለሁ። የአጥንት ችግር የተገኘባት ሴት ግን የንስሐ አባቷን ብታማክር መልካም ነው።

የካልሲየም ኪኒን የምትገዙ ከሆነ የኩላሊት ጠጠር ይዟችሁ እንደሆነ መጀመሪያ ለሐኪም ንገሩ። ፀሐይም ትቆጠራለች፤ ቫይታሚን ዲን ቆዳችን የሚሠራው በፀሐይ ነው። ስቶክሆልም ወይም ሚኒሶታ የምትኖሩ እህቶች ክረምቱን ሙሉ በቂ ፀሐይ አታገኙም፤ ጥቁር ቆዳ ደግሞ የበለጠ ይፈልጋል። እናንተ አስለኩ።

6. ስለ ሻይና ስለ ዕፅ

ተልባ እወዳለሁ፤ ለሆድ ድርቀት ለኮሌስትሮልም ጥሩ ነው። ወላፈን ላይ ግን በጥናት ሲፈተሽ መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ኪኒን አልበለጠም። በቴሌግራም «ሆርሞን የሚያስተካክል» እየተባለ ስለሚሸጠው ዱቄት ምን ልበል? እኔም ገዝቻለሁ። ብልቃጡ ላይ ውስጡ ምን እንዳለ አልተጻፈም፤ አሁን የሚቆጨኝ ብሩ ሳይሆን ያን ነገር መዋጤ ነው። ጉበት የሚጎዱ ዕፆች አሉ፤ የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ሊጋጭባችሁ ይችላል። ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ማድረግ አንድ ነገር ነው፤ በብርጭቆ ጨምቆ መጠጣት ሌላ። ወይባ ጢስ የምትሞቁም ደብተራችሁን እዩ፤ ሙቀት ራሱ ወላፈን ሊጠራ ይችላል።

7. ተንቀሳቀሱ፣ ከባድም አንሱ

እውነቱን ልናገር፤ ስፖርት ወላፈንን እንደሚያጠፋ አልተረጋገጠም። ለልብ፣ ለአጥንት፣ ለእንቅልፍና ለስሜት ነው የምንሠራው። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ማለትም በቀን ግማሽ ሰዓት ለ5 ቀን። እያወራችሁ መሄድ የምትችሉበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅታችሁ ፍጥነት።

መራመድ ብቻውን አይበቃም፤ አጥንት ክብደት ይፈልጋል። ጂም አያስፈልግም። 5 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን 5 ኪሎ ነው፤ በሁለት እጅ ሁለት ጀሪካን ይዛችሁ ግቢውን ዙሩ። ከወንበር ሳትደገፉ 10 ጊዜ ተነሱ፣ ተቀመጡ። በሳምንት 2 ቀን ይበቃል። ስግደት የምታበዙ እናቶች እግራችሁ ከእኔ እንደሚበረታ አውቃለሁ።

ስትስቁ ወይም ስታስነጥሱ ሽንት ጠብ ይላል? የብዙዎቻችን ምሥጢር ነው። ሽንት ለመያዝ የምንጨብጠውን ጡንቻ 5 ሰከንድ ያዙ፣ ልቀቁ፤ 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር። ታክሲ ሰልፍ ላይ ማንም አያይባችሁም። 3 ወር ግን መታገሥ ያስፈልጋል።

8. የመኝታ ነገር

ይህን ክፍል ልዘለው አስቤ ነበር። ጓደኞቼ ግን ከሁሉ በፊት የሚያንሾካሹኩት ይህን ነው። ብልት ይደርቃል፣ ግንኙነት ያማል፣ ሴቲቱ ትሸሻለች፣ ባል «ጠላችኝ» ይላል። ማንም ማንንም አልጠላም። የቆዳው መሳሳት ነው። ከወላፈኑ በተለየ ደግሞ ይህ በራሱ አያልፍም፤ ካልታከመ እየባሰ ይሄዳል።

መጀመሪያ ፋርማሲ ሄዳችሁ በውኃ የተሠራ ማለስለሻ ጄል ጠይቁ። ቫዝሊንና ዘይት ኮንዶም ያበላሻሉ። ውስጡን በሳሙና አትጠቡ። ካልበቃ፣ ብልት ውስጥ የሚደረግ መጠኑ አነስተኛ የኢስትሮጅን ክሬም ወይም ኪኒን አለ፤ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው፣ የሚመላለስ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንንም ይቀንሳል። የጡት ካንሰር የነበረባት ሴት ግን ከመጀመሯ በፊት ከሐኪሟ ትምከር። የግርዛት ጠባሳ ያላት ለሐኪሟ ትናገር፤ ሕመሙ ከዚያም ሊሆን ይችላል።

ለባል እንዴት ይነገራል? ሌሊት አልጋ ላይ አይደለም። በቀን፣ ልብሳችሁን ለብሳችሁ። እኔ «ይኸውልህ፣ ሰውነቴ እየተለወጠ ነው፣ አንተ አይደለህም» አልኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለና «እኔ ደግሞ ተጨንቄ ነበር» አለኝ።

9. ብቻችሁን አትሁኑ

የማኅበር ቀን ላይ ደፈር ብዬ «እናንተንስ ሌሊት ያቃጥላችኋል?» አልኩ። ሳቅ ሆነ። ከዚያ ስድስት ሴት በአንድ ላይ ማውራት ጀመረች። በጣም ያሳቀን ነገር፣ ሁላችንም ለየብቻ ዳማከሴ ጠጥተናል።

ጨዋታ የማይነካው ሐዘን ግን አለ። 2 ሳምንት ሙሉ የሚያስደስታችሁ ነገር ደስ ካላላችሁ፣ ከሰው ከሸሻችሁ ወይም መኖር ካስጠላችሁ የማረጥ ጠባይ ነው ብላችሁ አትለፉት። ይታከማል። ከወሊድ በኋላ ከባድ ድብርት የያዛት ሴት በዚህ ጊዜም ልትጋለጥ ትችላለች፤ ቀድማ ለሰው ትንገር።

10. ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ

የመጀመሪያው ሐኪም ቀና ብሎ ሳያየኝ «እድሜ ነው» አለኝ። ሁለተኛዋ ዘንድ ደብተሩን ይዤ ገባሁ። ገጾቹን አገላበጠችና ስለ ሕክምናው ያወራኝ የመጀመሪያው ሰው ሆነች።

ለወላፈን ከሁሉ የሚሠራው የሆርሞን ሕክምና ነው። ስሙ የጠፋው በፈረንጆች 2002 አሜሪካ ውስጥ አንድ ትልቅ ጥናት «ጉዳቱ ከጥቅሙ በለጠ» ተብሎ ሲቋረጥ ነው። እዚያ የተሳተፉት ሴቶች አማካይ እድሜ ግን 63 ነበር። ከ60 በታች ለሆነች ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት፣ ሌላ ከባድ ችግር ለሌለባት ሴት፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ፣ የጉበት በሽታ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ላለባት አይሆንም። ማህፀን ያላት ሴት ኢስትሮጅን ብቻዋን አትወስድም፤ ፕሮጄስትሮን ወይም የእሱ ዓይነት መድኃኒት አብሮ ይሰጣል፣ አለዚያ ካንሰር ይጋብዛል። ሆርሞን ለማይስማማት ሌሎች በሐኪም የሚታዘዙ ኪኒኖች አሉ።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ከአሜሪካ የምትመጣ የአክስት ልጅ በሻንጣ ያመጣችውን የሆርሞን ፕላስተር ዝም ብላችሁ አትለጥፉ። ሐኪሟ ለእሷ ነው ያዘዘላት። መድኃኒት ሲታዘዝላችሁም ሁልጊዜ የሚገኝ መሆኑን ፋርማሲ ጠይቁ፤ መጀመርና ማቋረጥ ያደክማል።

በዚያው ቀን ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል አስለኩ፤ ካረጥን በኋላ ልባችን የቀድሞ ከለላው ይቀንስበታል። የማህፀን በር ካንሰር ምርመራም ካላደረጋችሁ ጠይቁ። ጡታችሁንም አሳዩ።

በመጨረሻ ደብተሩ ሽፋን ላይ በቀይ እስክሪብቶ ይህን ጻፉ፤ እኔም ጽፌዋለሁ፦ 12 ወር ከቆመ በኋላ ጠብታም ቢሆን ደም ከመጣ፣ በዚያው ሳምንት ሐኪም። በአንድ ሰዓት ሞዴስ የሚያርስ ደም ለሰዓታት ከቀጠለ፣ በዚያው ቀን። ደረት የሚጨመድድ ሕመም ወይም አንድ እግር ብቻ አብጦ ማመም፣ አሁኑኑ።